ነጩ ቱታ ማንን ከማን ይጠብቃል?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የአዲስ አበባው ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል በሆነበት ጊዜ፣ ከራስ እስከ እግራቸው በነጭ ቱታ የተጠቀለሉ ሐኪሞችና ነርሶች በየዕለቱ በቴሌቪዥን ይታዩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ልብስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ከበሽታ እየተጠበቀ ነው። የመርፌ መድኃኒት በሚሞላበት የፋብሪካ ክፍል ወይም የኮምፒውተር ቺፕ በሚመረትበት አዳራሽም ሠራተኞች ያንኑ የመሰለ ቱታ ለብሰው ይታያሉ። ፎቶግራፉ አንድ ነው፤ ሥራው ግን የተገላቢጦሽ። በሕክምና ማዕከሉ አደጋው ከውጭ ይመጣል፣ ልብሱም እንዳይገባ ይከለክለዋል። «ንጹህ ክፍል» በሚባሉት በእነዚያ የፋብሪካ ቦታዎች ግን አደጋው ራሱ ለባሹ ነው፤ ልብሱ የተሠራው ሰውየው ወደ ምርቱ እንዳይራገፍ ነው።

ይህን ሳያጠሩ ገበያ የወጡ ብዙ ናቸው። ለተላላፊ በሽታ የተሠራ ቱታ ፈሳሽ የማያስገባ፣ ስፌቱም በቴፕ የታሸገ ሊሆን ይችላል፤ ጨርቁ ራሱ ምን ያህል ብናኝ እንደሚያራግፍ ግን ላይለካ ይችላል። ለንጹህ ክፍል የተሸመነው ደግሞ ከለባሹ የሚወጣውን ብናኝ በደንብ ይይዛል፤ የሚረጭ ደም ወይም መርዛማ ኬሚካል ቢያርፍበት ግን ያሳልፋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈልግ ሥራም አለ። የካንሰር መድኃኒት የሚቀምም ፋርማሲስት መድኃኒቱን ከራሱ፣ ራሱንም ከመድኃኒቱ መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በንጹህ ክፍሉ ልብስ ላይ ለካንሰር መድኃኒት የተፈተሸ ጋውንና ድርብ ጓንት ይጨምራል። የልብስ ምርጫ የመጀመሪያው ጥያቄ እንግዲህ የጨርቁ ዓይነትም ዋጋውም አይደለም። ማን ከማን ይጠበቅ የሚለው ነው።

የዘመናዊው ንጹህ ክፍል ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ ካለው የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። የጥጥ ገበሬ ልጅ የሆነው የፊዚክስ ባለሙያ ዊሊስ ዊትፊልድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንድ ችግር ገጠመው፤ ለጦር መሣሪያ የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች በአቧራ እየተበላሹ አስቸገሩ። እሱም አየሩን በሄፓ ማጣሪያ እያጣራ፣ በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚነዳና ብናኙን ጠራርጎ የሚያስወጣ ክፍል ሠራ። የብናኝ መቁጠሪያው ያሳየው ቁጥር ከማነሱ የተነሳ መሣሪያው የተበላሸ ነበር የመሰላቸው። አየሩ ከጸዳ በኋላ ግን የተረፈው ትልቁ የብክለት ምንጭ ፊት ለፊት ታየ። እሱም በበሩ በእግሩ የሚገባው ሠራተኛ ነው።

ሰው ቆዳውን ያለማቋረጥ ያራግፋል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ 100,000 ያህል፣ የሚራመድ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከ0.3 ማይክሮን የሚበልጡ ብናኞችን እንደሚለቅ የሚናገር ግምት በመስኩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀስ ኖሯል። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡ። አሁን በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የአይሶ 14644 መስፈርት ደረጃ 5 በሚለው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.5 ማይክሮን የሚበልጡ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። ደረጃ 7 እስከ 352,000 ይፈቅዳል፤ ደረጃ 8 ደግሞ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ማጣሪያው የቱንም ያህል ቢበረታ፣ የቤት ልብሱን ለብሶ ደረጃ 5 ክፍል ውስጥ የሚንጎራደድ አንድ ሰው የዚያን ሁሉ ድካም ገደል ይከተዋል።

ታዲያ ምን ይልበስ? ጥጥን ለሰውነት የሚስማማ ልብስ አድርገን ላደግን ሰዎች መልሱ አይጥምም፤ ጥጥ በዚህ ክፍል አይፈለግም። አዲስ ጋቢ በጥቁር ኮት ላይ ደርቦ የዋለ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ጋቢው ሲነሳ ኮቱ ነጭ ለብሶ ይገኛል። የጥጥ ክር ከአጫጭር ጭረቶች የተፈተለ ስለሆነ ጫፉ ሁሉ ሊበጠስና ሊበን የተዘጋጀ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። በተራ የጥጥ ጨርቅ ድርና ማግ መካከል ያለው ቀዳዳ ከ80 እስከ 100 ማይክሮን ሊደርስ ይችላል፤ ባክቴሪያ ተሸክሞ የሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ነጩ የላቦራቶሪ ጋውን እንግዲህ ለቆዳ ቅርፊት እንደ ወንፊት ነው።

ለዚህ ነው ሥራው ወደ ፖሊስተር የሄደው። የንጹህ ክፍል ፖሊስተር ያልተቆራረጠ ረዥም ክር ነው፤ ጫፍ ስለሌለው አይበንም፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ ስለሚሸመንም ቀዳዳው ይጠባል። ቀረብ ብሎ ላየው በጨርቁ ላይ እንደ ካሬ ደብተር የተሰመሩ ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ጌጥ አይደሉም፤ የካርቦን ክሮች ናቸው። ፖሊስተር በደረቅ አየር ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ኃይል ያጠራቅማል፣ ካርቦኑም ያንን ኃይል ይበትነዋል። ሰው ብልጭታው በጣቱ ጫፍ እንዲሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። አንዳንድ የቺፕ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታች በሆነ ምት ይሞታሉ፤ የገደላቸውም ሰው ምንም ሳይሰማው ሥራውን ይቀጥላል።

ሌላው አማራጭ አንዴ ተለብሶ የሚጣለው ነው። ከዚህ ወገን ስሙ የገነነው የዱፖንት ኩባንያ ታይቬክ ነው፤ ከፖሊኢትሊን እጅግ ቀጫጭን ክሮች በሙቀትና በግፊት ተጣብቆ የሚሠራ፣ ለእጅ ወረቀትም ጨርቅም የሚመስል ነገር። ፖሊፕሮፒሊን በሦስት ድርብ ተደርጎ የሚሠራው ይረክሳል። እዚህ ላይ ገዢ ሊጠነቀቅ ይገባል። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ቱታ ለቀለም ቀቢም ለመድኃኒት ፋብሪካም ይሸጣል። የሚለያየው ከስፌት በኋላ የሆነው ነው፤ በንጹህ ክፍል ታጥቦና ተመርምሮ፣ በድርብ ከረጢት ታሽጎ፣ አስፈላጊ ሲሆን በጋማ ጨረር ተመክኖ መምጣት አለመምጣቱ። ልዩነቱን የሚናገረው አብሮት የሚመጣው የምስክር ወረቀትና የምርት ቁጥሩ ነው። ልብሱ በዓይን ሲታይ ያው ነጭ ነው።

ጥሩ ጨርቅ ተገኘ እንበል። ጨርቁ በጣም ጥቅጥቅ ካለ አየር በውስጡ አያልፍም፤ አየሩ ግን የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ሠራተኛው ቁጭ ብድግ ሲል፣ እጁን ሲያነሳ፣ በቱታው ውስጥ የታመቀው አየር ብናኙን ይዞ በአንገት፣ በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት ይፈናጠራል። አንጥረኛ ቤት የገባ ሰው ወናፍ እንዴት እንደሚሠራ አይቷል፤ የሰፋ ቱታ የለበሰ ሠራተኛ ተራማጅ ወናፍ ነው። «ለሁሉም የሚሆን» ተብሎ የሚገዛው ትልቁ መጠን፣ በቀጭንና አጭር ሠራተኛ ላይ ሲንጠለጠል የጨርቁን ጥራት ከንቱ ያደርገዋል። የጠበበውም አይሻልም፤ ስፌቱ ይተረተራል፣ ዚፑም አንገት ላይ አይዘጋም።

ይህ የወናፍ ነገር ቀላል የማይባል ክርክር አስነስቷል። በእንግሊዝ ራይቲንግተን ሆስፒታል የዳሌ መገጣጠሚያ ተከላን ያስፋፋው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣውን ኢንፌክሽን ለመቀነስ ንጹህ አየር የሚነፍስበት ክፍልና ከለባሹ አየሩን በቱቦ መጥጦ የሚያስወጣ ልብስ አስገባ። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ድጋፍ ከ8,000 በላይ ቀዶ ጥገናዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመው ጥናት፣ ንጹህ አየሩ ጥልቅ ኢንፌክሽንን በግማሽ ያህል እንደቀነሰ፣ አየር መጣጩ ልብስ ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ እንደወረደ አሳየ። ሐኪሞች የጠፈርተኛ የመሰለ የራስ ቁር ያለው ልብስ መልበስን ተለማመዱ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኒውዚላንድ የመገጣጠሚያ ተከላ መዝገብ ትንተና ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ፤ እነዚህን ልብሶች በሚጠቀሙት ዘንድ ኢንፌክሽን እንዲያውም በዝቶ ተገኘ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። አንድ ልዩነት ግን ዓይን ውስጥ ይገባል። የቻርንሊ ልብስ አየሩን ከውስጥ ይመጥጥ ነበር፤ አዳዲሶቹ በራስ ቁሩ ባለ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ይነፋሉ፣ የተነፋው አየርም መውጫ ይፈልጋል። በሙከራ ሲታይ በጓንትና በእጅጌ መገናኛ በኩል ብናኝ ይዞ ሲወጣ ተገኝቷል። በመልክ የሚመሳሰሉ ሁለት ልብሶች በአየሩ አቅጣጫ ተለያዩ።

የትኛው ክፍል ምን ያህል መሸፈን እንደሚጠይቅ ለመድኃኒት አምራቾች በደንብ ተጽፎላቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት የመድኃኒት አመራረት ደንብ አባሪ 1፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሚሠራበት፣ ክፍሎቹን ከኤ እስከ ዲ ይመድባል። በዲ ፀጉርና ጺም ይሸፈናል፣ የሥራ ልብስና የተለየ ጫማ ወይም የጫማ ሽፋን ይበቃል። በሲ ልብሱ አንጓ ላይ የሚሰበሰብ፣ አንገቱ ከፍ ያለ፣ ጭረት የማያራግፍ መሆን አለበት። በኤ እና በቢ ግን የቀረ ቆዳ የለም፤ የመከነ የራስ ሽፋን፣ የመከነ ማስክ፣ የመከነ የዓይን መሸፈኛ፣ የመከነ ጓንትና የመከነ ቡትስ። ሰዓት፣ ሜካፕ፣ ጌጣጌጥና ሞባይል አይገቡም። ብዙ ገዢ ይህን ዝርዝር ያነብና ከፍተኛውን ለሁሉም ይገዛል። ስህተት ነው። በዲ ክፍል እንደ ኤ የለበሰ ሠራተኛ ያልባል፣ ይደክማል፣ ማስኩን በጓንቱ ወደ ታች ይስባል።

አለባበሱን አንድ ጊዜ በቅርብ ያየ ሰው ለምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ይገባዋል። የመቀየሪያ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ዝቅ ያለ አግዳሚ ወንበር አለ። ሠራተኛዋ ከዚህኛው ወገን ተቀምጣ አንድ እግሯን ታነሳለች፣ የጫማ ሽፋን ታጠልቃለች፣ እግሯን ወደዚያኛው ወገን ታሻግራለች፤ ከዚያ ሌላኛውን። የተሻገረው እግር ወደ ኋላ አይመለስም። እጇን ታጸዳለች፣ የመጀመሪያ ጓንቷን ታደርጋለች፣ ከረጢቱን ትከፍታለች። ቀድሞ የሚለበሰው የራስ ሽፋኑ ነው፤ ምክንያቱም ትከሻ ላይ የሚወርደው ጫፉ በቱታው አንገት ውስጥ መግባት አለበት። ቀጥሎ አስቸጋሪው ይመጣል። ቱታው ወለል መንካት የለበትም። ሁለቱን እጅጌዎችና ወገቡን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ እንደ ካልሲ ጠቅልላ፣ በአንድ እግሯ ቆማ ሌላውን ታስገባለች። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ቃል በቃል ይወድቃል። ከዚያ ዚፑ፣ ቡትሱ፣ የዓይን መሸፈኛው፣ በመጨረሻ በእጅጌው ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ጓንት። ከመስታወቱ ፊት ዞር ዞር ብላ ራሷን ታያለች።

ፈተናው ከዚህ በኋላ ነው። በትንሽ ሰሃን ያለ የባክቴሪያ ማብቀያ በጓንቷ፣ በክንዷ፣ በደረቷና በራስ ሽፋኗ ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ሙቀት ባለው ሣጥን ለቀናት ይቀመጣል። ለኤ ክፍል የሚፈቀደው ዜሮ ነው። በአውሮፓው ደንብ ይህ ምዘና ቢያንስ በዓመት አንዴ ይደገማል። በአሜሪካ በሆስፒታል ፋርማሲ መርፌ የሚቀምሙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ምዕራፍ 797 ደግሞ፣ ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ ለብሶ ሦስቱንም ጊዜ የጣቶቹ አሻራ ንጹህ ሆኖ እንዲገኝ ይጠይቃል፤ ለአብዛኞቹም ሥራዎች በየስድስት ወሩ ያስደግማል። ልብስ ሻጭ ይህን በካታሎጉ አይጽፍም፤ ነገር ግን አስቸጋሪ አጣጣፍ ያለው ቱታ በዚህ ፈተና ላይ ይታያል። በጥሩ ሁኔታ የታጠፈ ልብስ ከከረጢቱ ሲወጣ ውስጡን ለእጅ ያቀርባል። መጥፎው ውጩን ያስጨብጣል።

ስለ ጓንት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዱቄት ያለው አይፈለግም፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕክምናም ቢሆን ከልክላዋለች። ላቴክስ አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል አብዛኛው ወደ ናይትራይል ሄዷል። ርዝመቱ እጅጌውን በደንብ የሚሸፍን ይሁን።

ማጠቢያው ግን ሰፊ ቦታ ይገባዋል፤ ብዙዎች የሚረሱት እሱን ነውና። የሚታጠብ የፖሊስተር ቱታ በተራ ላውንደሪ ከታጠበ ከሌላው ልብስ የሚወጣውን ጭረት ለብሶ ይመለሳል። የንጹህ ክፍል ልብስ የሚታጠበው፣ የሚደርቀውና የሚታጠፈው በራሱ ንጹህ ክፍል ውስጥ፣ በተጣራ ውኃና በተጣራ አየር ነው። ከታጠበም በኋላ ይለካል። ልብሱ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ይገለባበጣል፣ ከውስጡ የሚሳበው አየርም ምን ያህል ብናኝ እንደያዘ ይቆጠራል፤ ፈተናው በባለሙያዎች ዘንድ የሄልምኬ ከበሮ ይባላል። እጥበቱና ማምከኑ ራሳቸው ልብሱን ያስረጁታል። የጋማ ጨረር ፖሊስተርን ከጊዜ ወደ ጊዜ ያደክመዋል፤ የካርቦን ክሩ ይበጠሳል፣ ጨርቁ ግን በዓይን ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቱታ ቁጥር ይኖረዋል፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበም ይመዘገባል፣ በፈተና ከተወሰነለት ቁጥር ሲደርስ ይወገዳል።

ለአዲስ አበባ ገዢ ይህ የስሌት ጉዳይ ነው። ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ታስቦ የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው፤ ወደዚያ የሚገባ አምራች ከውጭ የሚመጣ የሚጣል ቱታ በየቀኑ ሲጠቀም የውጭ ምንዛሪ በየቀኑ ይወጣል። የሚታጠበውን ከመረጠ ደግሞ የራሱን ማጠቢያ መገንባት ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር አንድ ላይ ማቆም ይኖርበታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት የጋራው ማጠቢያ የተሻለው መንገድ ነው። ያለ ማጠቢያ የተገዛ ውድ ቱታ ግን ከርካሹ የሚጣል ይብሳል፤ ርካሹ ቢያንስ አንዴ ንጹህ ነበረ።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሰውየውን ከምርቱ መለየት። ምርቱን በመስታወት ሣጥን ዘግቶ፣ እጅ በግድግዳው ላይ በተሠራ ጓንት ብቻ እንዲገባ የሚያደርገው አይሶሌተር ሲኖር፣ የአውሮፓው ደንብ በዙሪያው ያለው ክፍል ዲ እንዲሆን ይፈቅዳል። ያን ጊዜ ልብሱ ይቀላል። የቺፕ ፋብሪካዎችም እዚሁ ደርሰዋል፤ ሲሊከኑ በታሸገ ሣጥን ከማሽን ወደ ማሽን ይጓዛል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1997 ባለቀለም ቱታ የለበሱ ሠራተኞችን በማስታወቂያ ሲያስጨፍር ቱታው የቺፕ ሥራ መለያ ነበር፤ ዛሬ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሣጥኑ ነው። አይሶሌተሩ በመግዣው ውድ ነው፤ ለዓመታት የሚወጣው የልብስ፣ የማጠቢያና የሥልጠና ወጪ ሲደመር ግን ልዩነቱ ይጠባል።

በእኛ አገር ከመግዛት በፊት መነጋገር የሚፈልግ አንድ ነገር ይቀራል። ሹሩባ የተሠራች ሠራተኛ ፀጉሯ በተራ የራስ ሽፋን አይገባም፤ በግድ ሲገባ ከጆሮዋ ጀርባ ክፍተት ይተዋል። ሂጃብ የምትለብስ ሠራተኛ ከመከነው ሽፋን ስር ምን እንደምታደርግ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከስር የሚደረግ ጭረት የማያራግፍ የፖሊስተር ሽፋን ፋብሪካው ቢያዘጋጅ ጉዳዩ በሰላም ያልቃል። ማተብስ? ደንቡ የግል ጌጥ ይከለክላል፤ የጥጥ ክርም ጭረት ነው፣ ማተብ የሚያስር ሰው ግን እንደ ጌጥ አድርጎ አያስበውም። በመቀየሪያ ክፍሉ በር ላይ «አውልቂ» መባል ለማንም አይበጅም። ቅጥር ሲፈጸም ቢነገር፣ በውስጥ ልብስ ስር የሚሸፈንበት ወይም የሚተውበት ሥርዓት ቢጻፍ፣ ከጥራት ክፍሉም ከሠራተኛውም ጋር ስምምነት ይኖራል።

ናሙና ልብስ ሲመጣላችሁ በጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አትዩት። ከሠራተኞቹ አጭሯን፣ ረዥሙንና ወፍራሙን ጥሩና አልብሷቸው፤ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ ይበሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘርጉ፣ ከዚያ አንጓቸውንና አንገታቸውን ተመልከቱ። ቆዳ ከታየ ሌላ መጠን እዘዙ።